የሁለት ሰው ሱቅ በአንድ ሰው ፎርም

መንግሥት ጠመኔ ካገኘው ሰው ሁሉ አይገዛም። ይህን ያወቅሁት ለከተማችን ትምህርት ቤት ለዓመታት ጠመኔ ስሸጥ ከኖርኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መንግሥትን የማየው እንደማንኛውም ደንበኛ ነበር፤ ሲጎድልበት ይመጣል፣ ይከራከራል፣ ይወስዳል፣ ዘግየት ብሎም ቢሆን ይከፍላል። እንዲያውም ከአንዳንድ ጎረቤቶቼ የተሻለ ደንበኛ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ቡታጅራ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ሞኝነት ስላየን የኔዋ ዛሬ ትንሽ መስላ ትታያለች። ያኔ ግን ትንሽ አልነበረችም፤ ወንድሜን ልታሳጣኝ ነበር።

ስለ ሱቁ አስቀድሜ ልናገር። ሱቁ የአጎታችን የሐጂ ነበር። ሐጂ መካ ደርሰው የተመለሱ፣ ገበያው ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ከከፈቱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ ልጅ አልነበራቸውም። ሊሞቱ ሲሉ የሁለት ወንድሞቻቸውን ልጆች፣ እኔንና ሸምሱን፣ አስጠርተው «ተፈራረቁበት» አሉን። ኑዛዜው ይኸው ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ቃል የለውም። እኛም ተፈራረቅንበት። ሦስት ወር እኔ ሱቁ ውስጥ ስቀመጥ ሸምሱ መስቃን ገጠር ሆኖ የሁለታችንን እንሰት፣ የሁለታችንን ከብት፣ የሁለታችንን ቤተሰብ ይጠብቃል። ሦስት ወሩ ሲሞላ እሱ ይመጣል፣ እኔ እሄዳለሁ። በኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው እንዲህ እየተፈራረቁ የሚነግዱ ወንድማማቾች ሞልተዋል።

ርክክቡም አጭር ነበር። የመጣው ደጃፉ ላይ አረፍ ይላል፣ የሚሄደው ቁልፉን ይሰጠዋል፣ ዱዓ እናደርጋለን። ከዚያ የሚሄደው ሰው «ላምባ እያለቀ ነው፤ የፖሊሶቹ አለቃ ተቀይሯል፤ አይጥ ገብታለች» ብሎ የሚነገረውን ነግሮ ለቤቱ የሚሆነውን ስኳርና ሳሙና አንስቶ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ወሰድኩ የሚል የለም፣ ምን ወሰድክ የሚልም የለም። ኮት እንኳ የነበረን አንድ ነው። ግራጫ ኮት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፣ የሚለብሰው ተረኛው ነው። ሐጂ ወፍራም ስለነበሩ ኮቱ የሚሆነው ለሸምሱ ነው፤ እኔ ስለብሰው ውስጡ ሌላ ሰው ያስገባል። ደንበኞቹ ደግሞ ባንኮኒው ጀርባ የተገኘውን ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚሉት። መካ ቀርቶ እኔ ከአዲስ አበባ፣ ሸምሱ ከቅርቡ ከቆሼ ከተማ አልፈን አናውቅም፤ ግን ሰው ሲጠራን አቤት እንል ነበር። ሱቁ የማን ነው ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የጠየቀን እንግዲህ መንግሥት ነው።

በታኅሣሥ፣ በኔ ተራ፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት ኃላፊ አቶ ታምራት ወደ ሱቁ መጡ። አቶ ታምራት ከሰሜን ተሹመው መጥተው ቡታጅራ የከረሙ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ለሰው የሚያስቡ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ምንም ሳይገዙ ቆሙ። ኋላም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ፖሊስ ጣቢያውም ዕቃ የሚገዙት ስሙ አውራጃ መዝገብ ውስጥ ከሰፈረ አቅራቢ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ያልተመዘገበ ሰው አንዲት ጠመኔ ቢሸጥ ሻጩም ገዢውም ይጠየቃል። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ባለመኪና ነጋዴም ቀድሞ ተመዝግቧል አሉኝ። ይህን ብለው ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ፎርም አወጡ። ለኔ አስበው ከአውራጃው ያመጡት ነው።

ፎርሙ አራት ገጽ ነበር። ሐጂ መካ ሲሄዱ እንኳ የተሞላላቸው ወረቀት ግማሽ ገጽ ነው። አቶ ታምራት ሳጥን ላይ ተቀምጠው እያነበቡልኝ መሙላት ጀመርን። የስልክ ቁጥር፤ የለም። የጭነት መኪና ብዛት፤ የለም ልል ስል አቶ ታምራት «ለጊዜው የለም» እንበል አሉ፤ «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ከመኪናው ባላነሰ አኮራችኝ። የመጋዘን ብዛት፤ አንድ። መጋዘኑ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አልጋ ሥር ነው፤ ግን አልጋው ሰፊ ነበር።

ከዚያ «የባለቤቱ ስም እስከ አያት» የሚለው ላይ ደረስን። አንዲት መስመር ናት።

ሁለት ነን አልኳቸው። አቶ ታምራት ብዕራቸውን አነሱና ሁለት ከሆናችሁ ማኅበር ናችሁ አሉ። ማኅበር ከሆናችሁ ደግሞ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል፣ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ሊቀ መንበር ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ወስዶ ማጸደቅ ያስፈልጋል። ፎርሙ የሚመለሰው በወሩ መጨረሻ ነው። እኔና ሸምሱ ሊቀ መንበር ስንመርጥ አሰብኩት። ድምፅ አንድ ለአንድ ይሆናል፤ ሱቁም እስከ ዛሬ ተዘግቶ ይኖር ነበር።

ስለዚህ ስሜን ጻፍኩ። የኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን። አያቴ የሸምሱም አያት ስለሆነ፣ ከሦስቱ ስም አንዱ የጋራችን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሸምሱ ያለበት መንደር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በገበያ ቀን ወደዚያ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ አንዱን «እንዲህ ያለ ነገር መጥቷል፣ ምን ትላለህ» በልልኝ ብዬ መላክ እችል ነበር። አልላክሁም። መስመሩ አጭር ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው ስል ለብዙ ዘመን ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ስሜ ብቻውን እዚያ ተጽፎ ሳየው አማረኝ።

ቀጥሎ አራት ፎቶግራፍ ተጠየቅሁ። የከተማችን ፎቶ አንሺ ለጉዳዩ ክብደት ሲል የራሱን ከረባት አሰረልኝ፤ ያ ከረባት የአገሩን ሙሽራ ሁሉ የዳረ ነው። ኮቱን ለብሼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንዳልንቀሳቀስ ተነግሮኝ ቆምኩ። ፎቶው ሲወጣ ኮቱ ጥሩ ሆኖ ወጥቷል፤ እኔ ከውስጡ ለመውጣት የምሞክር እመስላለሁ።

ወደ አውራጃው ከተማ የሄድኩት በርበሬ በጫነ መኪና ላይ ነው። ቆሼ ላይ ሌላ በርበሬ ጨመሩበት። መዝገብ ቤት ስደርስ የጸሐፊውን ሰላምታ በማስነጠስ መለስኩ፤ እሱም አብሮኝ ያስነጥስ ጀመር። ዓይኑን እየጠረገ አራቱን ገጽ ካየ በኋላ ጥሩ ነው አለኝ። የቀረው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሱቁን ማየት ብቻ ነው። ባለቤቱ በአካል ሱቁ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ፎርሙ ይሰረዛል። መቼ ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ።

«በቅርቡ» አለኝ።

ከመቼ እስከ መቼ ያለው ነው ብዬ ደግሜ ብጠይቅ፣ በጣም በቅርቡ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ አልወጣም። ኮቱን ከጠዋት እስከ ማታ ለብሼ፣ በዚያ የታኅሣሥ ፀሐይ እየጋልኩ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ጁምዓ እንኳ ደጄ ላይ ቆሜ የመስጊዱን ድምፅ ከሩቅ እየሰማሁ ቀረሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አቶ ዘርጋ ዘመድ ሞቶብኝ የደበቅሁ መስሎት ሁለት ጊዜ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ታኅሣሥ አለቀ። ተራዬም አለቀ።

አሁን ችግር መጣ። ሸምሱ ይመጣል፤ እኔ መሄድ አለብኝ። ከሄድኩ ተቆጣጣሪው ባለቤቱን ያጣዋል። ካልሄድኩ ምክንያት ያስፈልገኛል። እውነቱን ብነግረውስ? አሁን አስቤ ሳየው ያን ጊዜም አልመሸም ነበር፤ «የኔን ስም ብቻ አስገባሁ፣ ይቅር በለኝ» ቢባል ሸምሱ ትንሽ አኩርፎ ይስቅ ነበር። እኔ ግን እግሬን አሞኛል፣ መንገድ አልችልም፣ ተራውን ትንሽ ልቀጥል ብዬ በገበያተኛ ላክሁበት። ይህም ብልሃት መስሎኝ እጄን አሸሁ።

በማግስቱ ሸምሱ ከች አለ። ብቻውን አልነበረም፤ በቅሎ ላይ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ጭኖ መጥቷል።

ወጌሻው መጋረጃውን ገልጦ ገባና የቱ እግር ነው ብሎ ጠየቀኝ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ጥቂት አመንትቼ ግራው ነው አልኩ። ሰውየው ቁርጭምጭሚቴን ጨበጠ፣ ጉልበቴን ጨበጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና «ወልቃለች» አለ። ተሽሎኛል አልኩት። የወለቀ ነገር እንዲያ እያለ ነው የሚያታልለው አለኝ። ሸምሱ ከኋላ ትከሻዬን ያዘ፣ ወጌሻው ከፊት እግሬን ያዘና ያንን አንዳችም ያልነካውን እግር ሁለት ጊዜ ጎትቶ ወደ ቦታው መለሰው። ልብስ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ሮጦ ገባ፤ የጮህኩት እስከ አትክልት ተራው ድረስ ተሰማ ይላሉ። ሲጨርስ በቀርከሃ ስንጥቅ ጠፍሮ አሰረልኝና አሥራ አምስት ቀን እንዳልረግጠው አዘዘ። ባዘዘውም ባያዘውም መርገጥ አልችልም ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሬን በእውነት አሞኛል።

ሸምሱ በቅሎዋ ላይ ሌላም ነገር ጭኖ ነበር። እንሰት ለሚያውቅ ሰው ለአጥንት የሚሆነው ዓይነት የትኛው እንደሆነ አይነገረውም፤ በየጓሮው አንድ ሁለት እግር ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ሸምሱ ከጓሮው የነበረችውን አንዷን ነቅሎ አሚቾዋን፣ ያንን ተቀቅሎ የሚበላውን ሥሯን፣ ይዞልኝ መጥቷል። እየቀቀለ፣ በወተት እያደረገ፣ እንደ ሕፃን ያበላኛል። «ብላ፣ አጥንት ትገጥማለች» ይላል። ልናዘዝለት አፌን በከፈትኩ ቁጥር አሚቾ ያጎርሰኛል።  የእንሰት ችግኙን ነቅሎ ሳይተክለው፣ ሜዳ ላይ ጥሎት እንደመጣም ነገረኝ። ያዘነበት አልመሰለም፤ «አንተ ተነስ እንጂ ችግኝ አይጠፋም» ብሎ ኮቱን ለበሰና ባንኮኒው ጋ ሄዶ ተቀመጠ።

በዚህ ሁኔታ ስድስተኛው ቀን ላይ ተቆጣጣሪው መጣ።

ቦርሳ የያዘ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። መጀመሪያ የጠየቀው ልብስ ሰፊውን ነው፤ ይህ ሱቅ የማን ነው አለው። አቶ ዘርጋ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል የሐጂ ነው አለ። ሐጂ የት አሉ ሲለው፣ ሐጂማ ከሞቱ ዓመታት አልፏቸዋል፣ ውስጥ ናቸው ይግቡ አለው። ወጣቱ ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ሱቁ ገባና ለሸምሱ እጁን ዘረጋለት። ከአውራጃ መምጣቱን፣ የመንግሥት አቅራቢዎችን እየመረመረ መሆኑን ነገረው። ሸምሱ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ ቢሆንም እንግዳ ነውና ወንበር አቀረበለት።

«የሱቁ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለው ተቆጣጣሪው።

«አዎ» አለ ሸምሱ። ምን ይበል? ተረኛ ነው፤ እኔም እሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

ተቆጣጣሪው ፎርሙን አወጣ። ፎቶውን አየ፣ ሸምሱን አየ፣ ፎቶውን አየ። ከዚያ ስሙን እስከ አያት ድረስ ጮክ ብሎ አነበበና ይህ ሰው እርስዎ አይደሉም አለ። ሸምሱ ፊደል አልቆጠረም፤ የተማረው ቁርአን ነው። ፎቶውን ግን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። ኮቱን ለብሶ ያንኑ ኮት የለበስኩትን እኔን አየኝ።  እኔ መጋረጃውን ገልጬ «የሁለታችን ነው» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ አልንቀሳቀስ አለኝ። እግሬ ነው የታሰረው፤ ምላሴን ማንም አላሰረውም ነበር።

«ባለቤቱ እሱ ነው» አለ ሸምሱ ፎቶውን እየመለሰ። «ታሞ ውስጥ ተኝቷል። እኔ ሱቁን የምጠብቅለት ነኝ፣ ጌታዬ።»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ።

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?» አለው።

እስከዚያች ቃል ድረስ እርስዎ ሲለው ነበር። ሸምሱ አንገቱን ደፋና ደንግጬ ነው አለ። በሕይወቱ ደንግጦ አያውቅም።

ተቆጣጣሪው መጋረጃውን ገልጦ እኔ ጋ ሲመጣ ፊቱ ተለወጠ። እግዜር ይማርዎት አለኝ፣ አይነሱ አለኝ፣ ብዕሩን ከፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ተጋድሜ ፈረምኩ። መጋዘኑን ለማየት ፈለገ፤ ከበታቼ ነው አልኩት፣ ጎንበስ ብሎ አየና ጻፈ። የተቀጣሪ ብዛት የሚል ጥያቄ ነበርና እዚያ ላይ አንድ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ በራፉ ላይ ወተት ይዞ የቆመውን ሸምሱን በብዕሩ ጫፍ እያመለከተ ጠየቀኝ።

«ታማኝ ነው?»

ወንድሜን ነው የሚጠይቀኝ። የእንሰት ችግኙን ሜዳ ላይ ጥሎ የመጣውን ሰው። እኔ ቀስ ብዬ አዎ አልኩ። ተቆጣጣሪው አልሰማም መሰለኝ፣ አልሰማሁም ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ አለኝ። «አዎ፣ ታማኝ ነው» አልኩ። እሱንም ጻፈ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈትልኝ ኖሮ በቀርከሃ በታሰረ እግሬም ቢሆን እገባባት ነበር።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ሸምሱ ወተቱን አምጥቶ ሰጠኝ። የሚሳደብ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እስክጠጣ ጠበቀኝና ባዶውን ጣሳ ተቀበለኝ።

«ፎቶው ጥሩ ወጥቷል» አለኝ። «ኮቱ ግን ሰፍቶሃል።»

 እኔ ስለ ማኅበር፣ ስለ ሊቀ መንበር፣ ስለ መስመሩ ማጠር ዘርዝሬ አስረዳሁት። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማና ደህና አድርገሃል አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እግሬ ሲሻለኝ፣ ገና በራሱ ተራ መካከል ላይ ሳለ፣ ችግኙ እየደረቀ ስለሆነ ልሂድ አለኝ። ቁልፉን አምጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠው፤ ዱዓ አላደረግንም። ኮቱን አውልቆ ሰቀለው። ከዚያ በራፉ ላይ ቆም አለና ለልጆቹ ትንሽ ስኳር ቢወስድ ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀኝ። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። አባቶቻችን ከአንድ ማዕድ የበሉ፣ እኛም በአንድ አልጋ ያደግን ነን፤ አሁን ይህ ሰው ስኳር ያስፈቅደኛል። ውሰድ ለማለት እንኳ አፈርኩ፤ ውሰድ ካልኩት የምፈቅድ እኔ ልሆን ነው።

በየካቲት ደብዳቤው መጣ። ማኅተም ያለበት፣ ቁጥር ያለው፣ እኔ የታወቅሁ የመንግሥት አቅራቢ መሆኔን የሚገልጽ። አቶ ታምራት ራሳቸው ይዘውልኝ መጥተው እጄን ጨበጡኝና «አቅራቢያችን» አሉኝ። ደስ አለኝ ልበል? ለሁለት ቀን ያህል ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ለጥፌ በየሰዓቱ አየው ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ያነበብኩትን ደብዳቤ አብሮኝ የሚያይ ሰው እንደሌለ ገባኝ። ለሸምሱ ላክሁበት፤ ተራህ ገና አላለቀም፣ ና፣ ሱቁን ተቀበለኝ አልኩት። መልሱ በገበያተኛ መጣ። ገበያተኛዋ ጎረቤታችን ነች፤ ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም።

«ካዘዘኝ እመጣለሁ በይው ብሎኛል» አለችኝ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ከግድግዳው አንስቼ፣ እያነከስኩ፣ በበርበሬ መኪና አውራጃ ወረድኩ። ከመዝገቡ ሰርዙኝ አልኳቸው። ያው ጸሐፊ ነው የነበረው። ሰው ሁሉ ግባ ለመባል ሲያለቅስ እንደሚያይ፣ ልውጣ ያለ ግን የመጀመሪያው እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። እንዲህ እንደዋዛ አይወጣም፤ ለመውጣትም ፎርም አለው። መሳቢያውን ሲበረብር ቆይቶ አቧራ የለበሰ አንድ ወረቀት አወጣ። አራት ፎቶግራፍ ይል ነበር፤ እኔ ፎቶ አንሺው በትርፍ የሰጠኝ ሁለት ነበረኝ። ለሚወጣ ሰው ሁለት ይበቃል ብሎ ፈቀደልኝ።

«የተሰረዘበት ምክንያት» በሚለው ሥር ሦስት ነገር ተጽፏል፤ ሞት፣ ኪሳራ፣ ጥፋት። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ጸሐፊው አዘነልኝና ኪሳራ በል፣ እሱ ይሻላል አለኝ። እኔ ጥፋት ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ «ዝርዝሩ» የሚል ሁለት መስመር ነበረ፤ ይኸኛው ፎርም እንኳ ሁለት መስመር ነበረው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሁለት ሰው ሱቅ የኔ ብቻ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ።» ጸሐፊው አነበበው። ይህን አይቶ የሚያስር ሰው ይኖራል፣ ጥፋት የሚለው ብቻ ይበቃል ብሎ ዝርዝሩን በመስመር ሰረዘልኝ። ደግ ሰው ነበር።

ከዚያ ወደ ሱቁ አልተመለስኩም፤ ቀጥ ብዬ ገጠር ሄድኩ። ሸምሱ ማሳ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል። የደረቀው ደርቆ፣ የተረፈው ችግኝ ተተክሏል። ከፊቱ ቆሜ አጠፋሁ አልኩት። ስሜን የጻፍኩት መስመሩ አጭር ሆኖ ሳይሆን ብቻዬን ባለቤት መባል አምሮኝ እንደሆነ ነገርኩት፤ እግሬንም ሳያመኝ አሞኛል ማለቴን ነገርኩት፤ ያችን አሚቾ በልቼ ዝም ማለቴን ነገርኩት። አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ሸምሱ ዶማውን ተደግፎ ሰማኝ። ስጨርስ እጁን በልብሱ ጠረገና ዘረጋልኝ። ሰላም ሊለኝ መስሎኝ እጄን ሰጠሁት። ቁልፉን ነበር የፈለገው።

«እስከ መጋቢት መጨረሻ የኔ ነው» አለኝ። «አንተ ይህን ጉድጓድ ጨርስ።»

ጨረስኩት። የሱን ጨርሼ የኔንም ቆፈርኩ።

የስረዛው ደብዳቤ ቡታጅራ የደረሰው በመጋቢት፣ በሸምሱ ተራ ነው። የሆነውን ያጫወቱኝ አቶ ታምራት ናቸው። ደብዳቤው በሳቸው በኩል ስለመጣ ሱቁ ድረስ ሄደው ለሸምሱ አነበቡለት። «ባለቤቱ በፈጸመው ጥፋት ምክንያት ከአቅራቢነት ተሰርዟል» ይላል። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገበያተኞችም ቆመው ይሰሙ ነበር። አቶ ታምራት ተናደዋል። ያን ሁሉ ገጽ የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ፣ ጥፋቱስ ምን እንደሆነ ሰው ፊት ጠየቁት።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አላቸው ሸምሱ።

አቶ ታምራት ደብዳቤውን እያሳዩ እዚህ የተጻፈው ስም ያንተ አይደለም አሉት።

«ተረኛው እኔ ነኝ» አለ ሸምሱ፤ «ጥፋቱም እስከ ወሩ መጨረሻ የኔ ነው። ምን ልስጥዎት?»